የድሮው መጫወቻ ሥፍራ ናፍቆትና የግቢያችን በር

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ወስኗል።)



የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ ዓይናችሁን ሳትከድኑ ስለመጣችሁ ኮሚቴው ምስጋናውን ያቀርባል። ዛሬ የምናወራው ስለ ጨዋታ ነው። ስለ ጨዋታ ለማውራት ይህን ያህል ሰው መሰብሰብ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። እስከ መጨረሻው ብትታገሡን ምክንያቱን ታገኙታላችሁ። እኛ ትምህርታችንን ያቆምነው ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ የሊቅ ንግግር አትጠብቁብን። ያየነውን፣ ጠይቀን የተረዳነውንና ከሽማግሌ የሰማነውን ነው ይዘን የቀረብነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው የሕንፃችን አስተዳደር ባለፈው ወር ደብዳቤ ጽፎልናል። በጓሮ ያለው የልጆች መጫወቻ፣ ማለትም ሦስቱ ዥዋዥዌና ሸርተቴው፣ አርጅቷል ይላል። ስለዚህም ሁለት ምርጫ ሰጥቶናል። አንደኛው ተነቅሎ ሥፍራው ለ6 መኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ነው። ሁለተኛው ነዋሪው የእድሳቱን ግማሽ ወጪ ከሸፈነ ይታደሳል የሚል ነው። በእኛ ላይ የሚደርሰው 4 ሺህ 2 መቶ 24 ዶላር ሲሆን፣ መልሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈለጋል።

ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩም፣ በልብስ ማጠቢያ ክፍሉም ብዙ ተባለ። እኛም ሦስት ዓይነት ሐሳብ ሰማን። አንዳንዱ፣ «አሮጌ ብረት ነው፣ ይነቀል፤ ከሥራ ስንመጣ ማቆሚያ አጥተን ስንዞር የምናመሸው ይበቃናል» አለ። ሌላው፣ «ይነቀልና በዓመት አንድ ቀን ልጆቹን ሮለር ኮስተር ያለበት ትልቅ ፓርክ እንውሰዳቸው፤ ሲያድጉ የሚያስታውሱት እሱን ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ይታደስ፣ እንከፍላለን፤ ነገር ግን ከከፈልን በሩ ላይ ቁልፍ ይግባ፤ የሚሰብሩት የጎረቤት ሕንፃ ልጆች ናቸው» አለ። አንዱም የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። እኛም ታክሲ ነጂ ስለሆንን የማቆሚያውን ችግር ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ዳሩ ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት፣ ይህ የምንኖርበት አገር በራሱ መጫወቻ ሥፍራዎች ምን እንዳየ ብንሰማ ይጠቅመናል ብለን አሰብን።

ነገሩን የጀመረልን ባለፈው ሐምሌ ያደረግነው የልጆች ሽርሽር ነው። 23 ልጆች ይዘን ግሌን ኤኮ መሄዳችንን ታስታውሳላችሁ። ከእኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ የድሮ መዝናኛ ፓርክ ነው። ዛሬ ከድሮው የቀሩት ጥቂት ቤቶች፣ የዳንስ አዳራሹና ፈረንጆቹ ካሩሴል የሚሉት፣ የእንጨት እንስሳት ተሰክተውበት የሚዞረው መድረክ ናቸው። ካሩሴሉ በ1921 በፊላዴልፊያ ከተማ ዴንትዝል በሚባለው ፋብሪካ የተሠራ ነው። 40 ፈረሶች፣ 4 ጥንቸሎች፣ 4 ሰጎኖች፣ አንድ ቀጭኔ፣ አንድ አጋዘን፣ አንድ አንበሳና አንድ ነብር አሉበት። የእኛ ልጆች በአንበሳው ሲጣሉ ነው የዋሉት። አንዷ ሕፃን ብቻ ጥንቸሏን እቅፍ አድርጋ አልወርድም ብላ ሦስት ዙር ዞረች።

እዚያ ቆመን ሳለ አንዲት ነጭ ባልቴት ከጎናችን መጡ። ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ይመስለናል። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በከተማ ባቡር ይመጡ እንደነበር ነገሩን። በዚያን ጊዜ ሮለር ኮስተሩ በዛፎቹ መካከል እየጮኸ ይበር ነበር አሉ። ከዚያም ወደ ካሩሴሉ እያዩ፣ «ድምፁ ያው ነው፤ አልተለወጠም» ብለው ዕንባ በዓይናቸው ሞላ። እውነታቸውን ነው፤ ሙዚቃውን የሚያወጣው ትልቁ የአየር ኦርጋን በ1926 የተሠራው ራሱ ነው። እኛም ሆዳችን ባባ። የትውልድ ሰፈሩን የተለየ ሰው የሌላውን ናፍቆት ቶሎ ይረዳል።

ማታ ወደ ግቢያችን ስንመለስ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩትን ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጎረቤታችንን ደጃፍ ላይ አገኘናቸው። የልጆቻችንን ብስክሌት በነፃ የሚጠግኑልን እሳቸው መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አብረውን እንዲሄዱ ጠይቀናቸው እምቢ ብለው ነበር። የዋልንበትን ስንነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡና፣ «እኔ ያንን በር ከውጭ ነው የማውቀው» አሉ። እናታቸው ከፓርኩ አልፎ ባለ ሰፈር የሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን ይዘዋቸው በከተማ ባቡር ሲሄዱ፣ ሐዲዱ በፓርኩ ደጅ ያልፋል። ልጁ በመስኮት መብራቱን ያያል፣ ጩኸቱን ይሰማል፣ ባቡሩ ያልፋል። አንድም ቀን እንውረድ ብለው እንዳልጠየቁ ነገሩን። «አለመጠየቅን ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም» ነው ያሉት።

ወገኖቻችን፣ እኛ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። አንድ ቦታ ነው፣ አንድ ዘመን ነው፣ ሁለቱም በዚያን ጊዜ ልጆች ነበሩ። አንዷ በናፍቆት ያለቅሱለታል፣ ሌላው ስሙን መስማት አይሹም። ከዚያ በኋላ ነው እየጠየቅን ታሪኩን መከታተል የጀመርነው።

እንግዲህ የሮለር ኮስተርን ነገር ከመሠረቱ እንጀምር። መነሻው ሩሲያ ነው። ከ3 መቶ ዓመት በፊት ሩሲያውያን በብርዱ ወራት ከእንጨት ረጅም ማማ እየሠሩ፣ በረዶ እያለበሱ፣ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተቱ ነበር። በእኛ ቋንቋ ሸርተቴ ማለት ነው። በ1817 ፓሪስ ላይ ጎማ ባለው ጋሪ ተሠራ። የሚያስቀው ነገር ምን መሰላችሁ? ፈረንሳዮቹ ይህን ጨዋታ እስካሁን «የሩሲያ ተራሮች» ሲሉት፣ ሩሲያውያኑ ደግሞ «የአሜሪካ ኮረብታ» ይሉታል።

ወደ አሜሪካ ስንመጣ ነገሩ ከድንጋይ ከሰል ጋር ይገናኛል። በፔንሲልቫኒያ ግዛት በ1827 ከሰል ከተራራ የሚያወርድ ሐዲድ ተሠርቶ ነበር። ጋሪው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። የከሰሉ ሥራ በሌላ መንገድ ሲተካ፣ ሰው ገንዘብ እየከፈለ ይሳፈርበት ጀመር። ቀጥሎም በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን የሚባል ሰው ኒውዮርክ ውስጥ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የባሕር ዳርቻ የመጀመሪያውን ለጨዋታ የታሰበ ባቡር ሠራ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ሮጦ የሚቀድመው ሰው አይጠፋም። ዋጋውም 5 ሳንቲም ነበር። ሕዝቡ ግን ተሰልፎ ጠበቀው።

አሠራሩን ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው። ባቡሩን ወደ መጀመሪያው ኮረብታ የሚጎትተው ሰንሰለት ነው። ሲወጣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚለው ድምፅ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ጥርስ ነው። ከጫፍ ከደረሰ በኋላ ሞተር የለውም፤ መሬት ራሷ ናት የምትስበው። እየሄደ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ተከታዮቹ ኮረብታዎች ከመጀመሪያው ያንሳሉ። በ1919 ደግሞ ጆን ሚለር የሚባል መሐንዲስ ከሐዲዱ በታች የሚይዝ ጎማ አስመዘገበ። ባቡሩ ከሐዲዱ መነሣት ስለማይችል፣ ከዚያ በኋላ ኮረብታው ቁልቁል፣ ፍጥነቱም ኃይለኛ ሆነ። ሰው በፍርሃት የሚጮኸው ሳይወድቅ እንደሚወርድ እያወቀ ነው።

ፓርኮቹ በየከተማው የበዙበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የከተማ ባቡር ኩባንያዎች በሥራ ቀን ሠራተኛውን ያመላልሳሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ባቡሩ ባዶ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ በሐዲዱ ጫፍ ላይ መጫወቻ ፓርክ ቢኖር ሰው ትኬት ቆርጦ ይሄዳል። ግሌን ኤኮም በከተማ ባቡር መንገድ ላይ የነበረ ፓርክ ነው። በ1891 ለትምህርትና ለጉባኤ ተብሎ ተቆረቆረ፣ እሱ አልሆን ሲል መጫወቻ ሆነ።

የኮኒ አይላንድማ አይወራም። በ1897 ስቲፕልቼዝ ፓርክ፣ በ1903 ሉና ፓርክ፣ በ1904 ድሪምላንድ ተከፈቱ። ሉና ፓርክ በሩብ ሚሊዮን የኤሌክትሪክ አምፖል ያበራ እንደነበር ይነገራል፤ ያን ጊዜ ብዙ ቤት የሚበራው በጋዝና በኩራዝ ነው። በ1920 የምድር ውስጥ ባቡሩ እዚያ ሲደርስ፣ በ5 ሳንቲም የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ ትናንት ከመርከብ የወረደው ስደተኛም መጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያን ፓርክ ያደመቀው እንደ እኛ ያለ ቋንቋው ያልቀና ስደተኛ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ገባ? አንደኛው ጠላት እሳት ነበር፤ ሁሉም ነገር እንጨት ነውና። በ1907 ስቲፕልቼዝ ሲቃጠል ባለቤቱ ጆርጅ ቲልዩ በማግሥቱ ፍም ላይ ያለውን ፍርስራሽ ለማየት 10 ሳንቲም አስከፈለ ይባላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ነው! ፓርኩንም መልሶ ሠራው። ድሪምላንድ ግን በ1911 ተቃጥሎ በዚያው ቀረ። ሉና ፓርክን በ1944 እሳት በላው። ሁለተኛው ጠላት የ1930ዎቹ ድህነትና ከዚያ የተከተለው ጦርነት ነው። ሦስተኛው መኪና ነው፤ ሰው መኪና ሲገዛ የከተማ ባቡሩ ቆመ፣ በሐዲዱ ጫፍ ያለውም ፓርክ ደረቀ። በ1955 ካሊፎርኒያ ላይ ዲዝኒላንድ ሲከፈት አዲስ ዓይነት ፓርክ መጣ፤ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ከከተማ የራቀ፣ መኪና የሌለው የማይደርስበት። በ1959 እዚያው ከብረት ቱቦ የተሠራ ሐዲድ ተጀመረና የእንጨቱ ዘመን ያበቃ መሰለ። ስቲፕልቼዝም በ1964 ተዘጋ።

ዳሩ ግን ናፍቆት ሥራ ሲሠራ የታየውም ያን ጊዜ ነው። ኮኒ አይላንድ ላይ በ1927 የተከፈተ ሳይክሎን የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር አለ። በ1970ዎቹ ጎኑ ያለው የዓሣ ማሳያ ሥፍራ ይስፋበት ተብሎ ሊፈርስ ነበር። ሰዎች ተነሥተው ተሟገቱ፤ በ1975 ታድሶ እንደገና ተከፈተ። በ1988 ከተማው እንዳይፈርስ በቅርስነት መዘገበው። በፔንሲልቫኒያም በ1902 የተሠራ ሊፕ ዘ ዲፕስ የሚባል ትንሽ ኮስተር በ1985 ተዘግቶ፣ ሰዎች ገንዘብ እያሰባሰቡ አድሰውት በ1999 ተከፍቷል። ሁለቱም የዳኑት አንድ ሰው ስላለቀሰላቸው አይደለም። ያለቀሱት ሰዎች ተሰብስበው ፊርማ ስላሰባሰቡ፣ ገንዘብ ስላዋጡ፣ መዶሻ ስለያዙ ነው።

አሁን ወደ ግሌን ኤኮ እንመለስና የሽማግሌው ጎረቤታችንን ነገር እንጨርስ። ያ ፓርክ ለነጮች ብቻ ነበር። ካሩሴሉ በመጣበት በዚያው በ1921፣ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ዲንዉድ በሚባለው ሰፈር ጥቁሮች በራሳቸው ገንዘብ ሰበርባን ጋርደንስ የሚባል የራሳቸውን ፓርክ ከፈቱ። ሮለር ኮስተርም ነበረው። እሱም በ1940 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የተወለደው የጥቁር ልጅ በመስኮት ከማየት በቀር ምን ነበረው?

በ1960 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን፣ አብዛኞቹ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ወጣቶች ወደ ግሌን ኤኮ ገቡ። ትኬት ይዘው ነው የገቡት። ሄደው በዚያው በካሩሴሉ ላይ፣ ልጆቻችን በተጣሉባቸው በእነዚያ እንስሳት ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው ውረዱ አላቸው፣ አንወርድም አሉ። ካሩሴሉ አልዞረም። አምስቱ ታሰሩ። ከመካከላቸው ግዌንደሊን ግሪን የምትባለው ወጣት፣ በኋላ ባገባችበት ስሟ ግዌንደሊን ብሪት ተብላ፣ በሜሪላንድ ምክር ቤት ሴናተር ለመሆን በቃች። የፍርድ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 የአምስቱ ጥፋተኝነት ተሰረዘ።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ የነካን ግን ከእስራቱ በኋላ የሆነው ነው። እዚያ አጠገብ ባኖክበርን የሚባል የነጮች ሰፈር አለ፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎች አይሁዳውያን ነበሩ። የሰፈር ማኅበር ነበራቸው፣ እንደ እኛው ማለት ነው። በሩ ለእነሱ ክፍት ነበር፤ ምንም የጎደለባቸው ነገር የለም። ነገር ግን ከተማሪዎቹ ጋር ሆነው ያንን ወቅት ሁሉ በፀሐይ ጽሑፍ ተሸክመው በበሩ ላይ ተመላለሱ። ውኃ አቀበሉ፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። የናዚ ምልክት ያጠለቁ ሰዎች ከፊታቸው ቆመው ሰደቧቸው፤ እነሱ ግን አልሄዱም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1961 መጋቢት ወር፣ የፓርኩ ባለቤቶች በሩ ለሁሉም እንደሚከፈት አስታወቁ።

ባልቲሞር አጠገብ በነበረው ጉዊን ኦክ ፓርክም በ1963 ሐምሌ ወር በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ቄሶችና ራቢዎች ጭምር፣ ታስረው ነበር። በሩ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ የታወቀውን ንግግር ባደረገበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን በካሩሴሉ የተቀመጠችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ልጅ ሻሮን ላንግሊ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ኪንግ ራሱ በዚያው ዓመት ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ያየችውን መጫወቻ ፓርክ ለምን እንደማትገባ ለ6 ዓመት ልጁ ማስረዳት ምን ያህል ምላስ እንደሚያሥር አንሥቷል። ያንን ሁሉ ትልቅ ነገር የተሸከመ ሰው ስለ ልጆች መጫወቻ መጻፉ፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያሳየናል።

ግሌን ኤኮ በ1968 ተዘጋ። መጫወቻዎቹ እየተነቀሉ ተሸጡ። ሮለር ኮስተሩ ዛሬ የለም። በ1970 ካሩሴሉም ሊሄድ ሲል የአካባቢው ሰው፣ አንዲት የመንደሩ ምክር ቤት አባል የሆኑ ሴት እየመሩት፣ ገንዘብ አዋጥቶ መልሶ ገዛው። የተሰበሰበው ወደ 80 ሺህ ዶላር ነው። በ1971 ቦታውን የፌዴራል መንግሥት ተረከበው። ከዚያ ደግሞ የእንስሳቱን ቀለም ለማደስ ብቻ 20 ዓመት ያህል ፈጅቷል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በፈረንጅ አገርም ይሠራል ማለት ነው።

እኛ ሐበሾች ወደዚህ አካባቢ በብዛት የመጣነው ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ፣ ይልቁንም ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ነው። ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ነው ያገኘነው። ትኬት ቆርጠን ልጆቻችንን አንበሳው ላይ ስናስቀምጥ ማንም ውረዱ አላለንም። ይህ የሆነው ሌሎች ስለታሰሩልን፣ ሌሎችም በፀሐይ ስለቆሙልን መሆኑን ባለፈው ሐምሌ አናውቅም ነበር። አሁን ግን ዐውቀናል።

እኛም የራሳችን ትዝታ አለን። በልጅነታችን በሰፈራችን በነበረ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ የብረት ዥዋዥዌ ነበር። እኛ ያልተመዘገብን ልጆች በሽቦው አጥር ላይ ፊታችንን ለጥፈን እናይ ነበር። የሽቦው ቅርጽ ግንባራችን ላይ ታትሞ ይቀር ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ሲያወሩ ገብቶናል። ሰው «ድሮ ቀረ» ሲል የቆመው ከአጥሩ በየት በኩል እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባልቴቷ አልዋሹም፤ ያ ጊዜ ለእሳቸው ያማረ ነበር። ሽማግሌውም አልዋሹም። ልዩነቱ የበሩ ነው።

ክቡራን አባላት፣ አሁን ወደ ግቢያችን እንግባ።

መኪና ማቆሚያ ይሁን ላላችሁ፤ እኛም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማቆሚያ ፍለጋ ስንዞር ልጅ አስተኝተው የሚያድሩትን ቀንተንባቸው እናውቃለን። ነገር ግን 64 ቤት ነን። 6 ቦታ ከአሥር ቤት ለአንዱ እንኳ አይበቃም። ለስድስት ሰው ዕረፍት ብለን የሁሉንም ልጆች ሥፍራ ብንሰጥ፣ ሰባተኛው ያው እየዞረ ነው። አንዴ አስፋልት ከፈሰሰበት ደግሞ ዥዋዥዌ ተመልሶ አይተከልበትም።

በዓመት አንድ ቀን ትልቅ ፓርክ ላላችሁ፤ ሽርሽሩ ይቀጥላል፣ ማንም አልከለከለውም። ሮለር ኮስተሩንም ይቅመሱት፣ ደስታ ነው። ዳሩ ግን የባልቴቷን ነገር መርምሩት። የከተማ ባቡሩ ከደጃቸው ያነሣቸው ስለነበር ቦታው የየሳምንቱ ቦታቸው ነበር። ስለዚህ ነው 70 ዓመት ሙሉ ያልረሱት። ለልጆቻችን የየዕለቱ ቦታ ከመስኮታችን ሥር ያለው ነው። እናት ወጥ እያማሰለች «ና ግባ!» ብላ የምትጣራው ወደዚያ ነው።

እንክፈል ግን እንቆልፍ ላላችሁ፤ እዚህ ላይ ነው የእኛ ልብ የከበደው። ይሰብራሉ የምትሏቸው የጎረቤት ሕንፃ ልጆች የሳልቫዶር፣ የጓቴማላ፣ የእዚሁ አገር ጥቁር ልጆች ናቸው። እርግጥ ባለፈው ዓመት የዥዋዥዌው አንድ ሰንሰለት ተበጥሷል። እኛ ስናጣራ ግን የተበጠሰው በዝገት ነው፤ የተበጠሰበትም ልጅ የእኛው ነበር። ቁልፍ ብናስገባ ምን ይሆናል? የእኛ ልጆች ውስጥ ሲጫወቱ፣ የእነሱ ልጆች ሽቦው ላይ ግንባራቸውን ለጥፈው ያያሉ። ከ60 ዓመት በኋላ ከመካከላቸው አንዱ፣ «እኔ የሐበሾቹን በር ከውጭ ነው የማውቀው» ይላል። ይህን ለማስባል ነው ገንዘብ የምናዋጣው? የባኖክበርን ሰዎች በሩ ተከፍቶላቸው ሳለ ለሌላው ልጅ በፀሐይ ቆሙ። እኛ ደግሞ ሌሎች በከፈቱት በር ገብተን፣ ዞር ብለን ብንቆልፍ ደግ አይሆንም።

አንድ እናት፣ «የሰው ልጅ ወድቆ ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» ብለው ጠይቀውናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አቅርበነዋል፤ መልሱ ሲመጣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። ከጎረቤት ሕንፃ ወላጆችም ጋር ተነጋግረናል፤ ሁለት አባቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልበት እንረዳለን ብለዋል፤ አንደኛው የብየዳ ሠራተኛ ነው።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ለድምፅ ያቀርባል፤

1ኛ/ መጫወቻው ይታደስ። ለዚህም እያንዳንዱ ቤት 66 ዶላር ያዋጣ። በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል በወር 11 ዶላር እያደረገ በ6 ወር ይጨርስ። ሥራ የፈታ አባል ለኮሚቴው በምሥጢር ያስታውቅ፤ ይታሰብለታል።

2ኛ/ በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ብሎኑን፣ ሰንሰለቱንና ሸርተቴውን የሚያይ የጥገና ቡድን ይቋቋም። ካሩሴሉን ያቆየው የአንድ ቀን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የየዓመቱ ጥገና ነው።

3ኛ/ በሩ ማታ ከመጨለሙ በኋላ ለጸጥታ ይዘጋ፤ ቀን ግን ቁልፍ አይግባበት። የማን ልጅ ነህ ተብሎም ማንም አይጠየቅ።

4ኛ/ የዘንድሮው ሽርሽር እንደ አምናው ግሌን ኤኮ ይሁን። ከመሄዳችን በፊት ልጆቹ ስለ እነዚያ አምስት ወጣቶች ይነገራቸው። አንበሳው ላይ ሲቀመጡ ምን ላይ እንደተቀመጡ ይወቁ።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በዚሁ አዳራሽ ነው። ሌሊት የሚሠራ ሰው ድምፁን በወረቀት ጽፎ በጸሐፊው የፖስታ ሣጥን ማስገባት ይችላል። እኛ ያመንንበትን ተናግረናል፤ የሚወስነው ግን ቤቱ ነው። ብዙኃኑ ይነቀል ካለ፣ ደብዳቤውን በራሳችን እጅ ጽፈን እናስገባለን።

በመጨረሻም፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን ዘንድሮ አብረውን ግሌን ኤኮ እንዲሄዱ ደግመን ጋብዘናቸዋል። እስካሁን እሺም እምቢም አላሉም። ስለ ግቢያችን ዥዋዥዌ ስንነግራቸው ግን ቁልፍ መፍቻቸውን ይዘው ወርደው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አይተው፣ «ሁለቱ ይለወጡ፤ ሌላው ገና ብዙ ዓመት ይሠራል» ብለውናል።



የማኅበሩ ጸሐፊ